«ማዳበሪያ» ሁለት ነገር ሲሆን፦ በኩባንያ ግዥ ውስጥ የከፍተኛ መረጃ ተንታኝ ሥራ

በጎጃም ገበያ «ማዳበሪያ» የሚባለው ነገር ሁለት ነው። አንዱ ገበሬው በክረምት መግቢያ ከማኅበሩ ወስዶ ለበቆሎውና ለስንዴው የሚያደርገው ዩሪያ ወይም ኤንፒኤስ ነው፤ ሌላው ያው ዩሪያ ተሞልቶበት መጥቶ ስሙን የወረሰው፣ ዛሬ እህል፣ ድንችና ከሰል የሚከተትበት የላስቲክ ከረጢት ነው። ሰው ከሰው ሲነጋገር በዚህ አይደናገርም፤ «አምስት ማዳበሪያ በቆሎ ጫንሁ» ያለውን ሰው ዩሪያ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም። የኩባንያ የግዥ መዝገብ ግን ከቃሉ በቀር ሌላ ምልክት አይሰጥም። ከዓመታት በፊት በምሠራበት የእህል ማቀነባበሪያ ድርጅት የዓመቱን የግዥ ወጪ በየዘርፉ ስከፋፍል፣ «ማዳበሪያ» የሚል ቃል ያለበትን መስመር ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰብስቤ «የእርሻ ግብዓት» ውስጥ ከተትሁት። ድርጅቱ በውል ለሚያመርቱለት ገበሬዎች ግብዓት ስለሚያቀርብ ድምሩ እንግዳ አልመሰለኝም። ሪፖርቱ በስብሰባ ላይ ሲቀርብ የግዥ ኃላፊው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዩሪያ ዘንድሮ የት በትነነው ነው?» አሉኝ። ቁጥሩን ያሳበጠው ለምርት ማሸጊያ የተገዛው ባዶ ከረጢት ነበር።

በሥራ ማስታወቂያ ላይ «ሲኒየር ዳታ አናሊስት፣ ግዥ መምሪያ» የሚል መደብ አይተው ምንነቱን የሚጠይቁኝ ወጣት ምሩቃን አሉ። አብዛኞቹ ሥራውን ባለቀለም ግራፍ ማዘጋጀት አድርገው ያስቡታል። ግራፉ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ያለው ድካም ሁሉ ሁለት ነገሮች አንድ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን መወሰን ነው፦ ይህ ዕቃና ያ ዕቃ፣ ይህ አቅራቢና ያ አቅራቢ፣ ይህ ቀንና ያ ቀን፣ የአምናው ብርና የዘንድሮው ብር። አንድ የሆኑትን አንድ ሳያደርጉ፣ የተለያዩትንም ሳይለዩ የሚደረግ ንጽጽር ሁሉ የእኔን ዩሪያ ነው የሚሆነው።

አንድ ግዥ ከመነሻው እስከ መድረሻው ወረቀት እየጣለ ይሄዳል። ጥገና ክፍሉ ወይም ምርት ክፍሉ የግዥ መጠየቂያ ይሞላል፤ የግዥ ሠራተኛው ከአቅራቢዎች ፕሮፎርማ ይሰበስባል ወይም ጨረታ ያወጣል፤ ላሸነፈው የግዥ ትዕዛዝ ይጻፍለታል፤ ዕቃው መጋዘን ሲደርስ የመጋዘን ኃላፊው ቆጥሮ የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሞዴል 19 ብሎ የሚያውቀው ማለት ነው። በመጨረሻም የአቅራቢው ደረሰኝ ለፋይናንስ ይደርስና ክፍያ ይወጣል። ትዕዛዙ፣ የመጋዘን ገቢውና የአቅራቢው ደረሰኝ በብዛትም በዋጋም ሳይመሳከሩ ክፍያ እንዳይወጣ መጠበቅ የሒሳብ ሠራተኛው ድርሻ ነው፤ ደንቡ ተጠብቆ እንደሆነ መመርመር የኦዲተሩ ነው። ተንታኙ ያንኑ ወረቀት ይዞ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ የብዙ ሺህ ግዥዎች ዱካ አንድ ላይ ሲታይ ገንዘቡ ወዴት እንደሚፈስ፣ ከማን ጋር ብንደራደር ዋጋ እንደሚቀንስ፣ የትኛው ዕቃ ሲዘገይ ፋብሪካው እንደሚቆም፣ በሚቀጥለው ዓመት ምን በየትኛው ወር መገዛት እንዳለበት።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይህን ሁሉ የሚሠሩት በአዋጅ ታስረው ነው፤ በፌዴራል ደረጃ የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 ለብዙ ዓመታት ከሠራ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። የግል ኩባንያ የሚመራው ራሱ ባጸደቀው የግዥ መመሪያ ነው። ስለዚህ አዲስ ተንታኝ በመጀመሪያው ሳምንት ሊያነበው የሚገባው ዳታውን ሳይሆን ያንን መመሪያ ነው። እስከ ስንት ብር በቀጥታ ይገዛል፣ ከስንት ብር በላይ ሦስት ፕሮፎርማ ይጠየቃል፣ ማን ይፈርማል የሚለውን ያላወቀ ሰው በመዝገቡ የሚያየውን ቁጥር ትርጉም አያገኘውም።

ከዕቃው እንጀምር። የፋብሪካ ጥገና ክፍል ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ሳይገዛ የሚያልፈው ወር የለም። በአንድ ወቅት በያዝሁት መዝገብ ውስጥ «ኩሽኔታ 6205»፣ «ቤሪንግ 6205 ዜድ ዜድ»፣ «የሞተር ኩሽኔታ ትንሹ»፣ «ኩሽኔታ 25 ሚ.ሜ.» እና «ኩሽኔታ ሌላኛው» የሚሉ አምስት መስመሮች ነበሩ፤ ዋጋቸውም አምስት ዓይነት። እዚህ ላይ ስለ ኩሽኔታ ጥቂት ማወቅ ከማንኛውም ሶፍትዌር ይልቅ ይረዳል። የ6205 የመጨረሻ ሁለት አኃዞች በ5 ሲባዙ የውስጥ ቀዳዳውን ስፋት በሚሊ ሜትር ይሰጣሉ፤ 25 ማለት ነው። የውጭ ስፋቱ 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ ልክ የትም ፋብሪካ ቢሠራ አይለወጥም። ነገር ግን «25 ሚ.ሜ.» ብቻ ከተባለ 6205 መሆኑ አይታወቅም፤ 6005ም 6305ም ቀዳዳቸው 25 ነው፤ በውጭ ስፋታቸው ግን አንዱ 47፣ ሌላው 62 ሚሊ ሜትር ነውና አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ከዚህ በላይ ደግሞ ሽፋኑ አለ፤ «ዜድ ዜድ» የተባለው በሁለቱም ጎን በስስ ብረት፣ «ቱ አር ኤስ» የተባለው በጎማ የተሸፈነ ነው።

«ኩሽኔታ ሌላኛው» የሚለውን ከየትኛው እንደምመድበው ስላልገባኝ ወደ መጋዘን ወረድሁ። የመጋዘን ኃላፊው በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ ሌላኛው ማለት የትኛው ነው?» አልኋቸው። ከመደርደሪያው ላይ በቅባት የራሰ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አንሥተው ጠርዙን በጥፍራቸው ቧጠጥ አደረጉና፣ «ይኼ ነዋ፣ ጎማ ያለው። ብረት የለበሰውን ወፍጮው አጠገብ ስናስገባው ዱቄት እየገባበት በወሩ ይጮሃል። ቅጹ ላይ ለጎማው ቦታ የለውም፤ ታዲያ ምን ብዬ ልጻፈው?» አሉኝ። በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ጎማ የለበሰው ውድ መስሎ ይታይ ነበር፤ በአንድ ዓመት ስንት ጊዜ እንደተገዛ ሲቆጠር ግን የረከሰው እርሱ ሆነ። በመጨረሻ ከአምስቱ መስመሮች ሦስቱ አንድ ሆኑ፣ «ሌላኛው» ለብቻው ቆመ፣ «25 ሚ.ሜ.» የሚለው ግን የትኛው እንደነበረ ማንም ሊያስታውስ ስላልቻለ «ያልታወቀ» ተብሎ ቀረ። ያልታወቀውን ገምቶ ከአንዱ ጋር ከማዳበል እንዳልታወቀ መተው ይሻላል፤ ይህን ለአለቃ ማስረዳት ግን ጊዜ ይወስዳል።

በአቅራቢ ስም ላይ ደግሞ ፊደላችን ራሱ ሥራ ያበዛል። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» እና «ጸሃይ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን አራት የተለያዩ ነጋዴዎች ናቸው። በዚህ ላይ «ኃ.የተ.የግ.ማ.»፣ «ኃላ/የተ/የግ/ማህበር» እና «ፒኤልሲ» ሲጨመርበት አንዱ ድርጅት ዘጠኝና ዐሥር ቦታ ይበተናል፤ የተበተነ አቅራቢ ደግሞ ትንሽ ይመስላል፤ ትንሽ ከሚመስል አቅራቢ ጋር የዋጋ ቅናሽ የሚደራደር የለም። መፍትሔው ሞክሼ ፊደላትን ሁሉ ወደ አንድ መመለስ፣ የድርጅት ዓይነት መግለጫውን መቁረጥ፣ ከዚያም የቀረውን ስም እርስ በርስ ማቀራረብ ነው። ይህ ግን ጥርጣሬን እንጂ እርግጠኛነትን አይሰጥም። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም ስለሌለ፣ በስምና በአባት ስም ፍጹም የሚመሳሰሉ ሁለት ነጋዴዎች በአንድ ከተማ መገኘታቸው የተለመደ ነው፤ አንድ አድርጎ ያቀላቀላቸው ተንታኝ ያልኖረ ትልቅ አቅራቢ ፈጠረ ማለት ነው። ቁርጡን የሚናገረው 10 አኃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ሁላችንም ቲን የምንለው፣ ነው። ቲን በሌለበት፣ ለምሳሌ ከገበሬ በቀጥታ በሚገዛ እህል ላይ፣ የአያት ስምና ቀበሌ ካልተመዘገበ ችግሩ እንዳለ ይኖራል።

ቀኑን በተመለከተ ከእኛ አገር ውጭ ያሉ የሙያው መጻሕፍት ምንም አይረዱም። ኤክሴል የኢትዮጵያን አቆጣጠር አያውቅም፤ የሚከፋው ግን አለማወቁን አለመናገሩ ነው። በአሜሪካ አጻጻፍ በተስተካከለ ኮምፒዩተር ላይ ወር ይቀድማል። መዝጋቢዋ ኅዳር 5 ቀን 2016ን 5/3/2016 ብላ ስትጽፍ ሜይ 3 ይሆናል። ጥቅምት 30ን 30/2/2016 ስትለው ሠላሳኛ ወር ስለሌለ ቀን መሆኑን ክዶ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜ 3ን 3/13/2016 ስትጽፍ ደግሞ ያለ አንዳች ቅሬታ ማርች 13 አድርጎ ይቀበላታል። አንዱ ዓምድ ውስጥ ግማሹ የተሳሳተ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጣል፤ ማንም አሰላለፉን ካልነካው ወደ ቀኝ የተጠጉት ቀን፣ ወደ ግራ የተጠጉት ጽሑፍ መሆናቸው በዓይን ይታያል። «ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ጨምር» የሚለው ዘዴም አያዋጣም፤ መስከረም 1 አንዳንዱ ዓመት በሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዱ በ12 ስለሚውል የቀኑ ልዩነት ራሱ ይንቀሳቀሳል። እኔ የማደርገው ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ማስመዝገብ፣ ከዚያ በአንድ የመቀየሪያ ሠንጠረዥ መለወጥ፣ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ግን ፈጽሞ አለመሰረዝ ነው። የሰዓቱ ነገርም ተመሳሳይ ነው፤ የዘበኛው መዝገብ ላይ መኪናው 3:00 ገባ ካለ፣ የኮምፒዩተር ሥርዓቱ ላይ 9:00 ካለ፣ ስድስት ሰዓት የዘገየ የለም።

ዕቃዎችን በዘርፍ ለመመደብ በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት የተባበሩት መንግሥታት የምርቶችና አገልግሎቶች መለያ ኮድ አለ። ስምንት አኃዝ ነው፤ ሁለት ሁለት እየሆነ ከሰፊው ወደ ጠባቡ ይወርዳል። 44 የቢሮ መሣሪያና አቅርቦት፣ 4412 የቢሮ አቅርቦት፣ 441217 የጽሕፈት መሣሪያ፣ 44121704 ተራ እስክሪብቶ ነው። በዚህ ኮድ ዩሪያው ከ10 ይጀምራል፣ ከረጢቱ ከ24፤ ሁለቱ «ማዳበሪያዎች» ሊገናኙ አይችሉም። ያም ሆኖ መካከለኛ ኩባንያ ስምንቱንም አኃዝ ልሙላ ሲል መዝጋቢዎቹ ተሰላችተው የመጀመሪያውን ያገኙትን ኮድ መጫን ይጀምራሉ። በእኔ እይታ የመጀመሪያዎቹን አራት አኃዞች በትክክል መሙላት ስምንቱን በግምት ከመሙላት ይበልጣል።

ይህ ከተስተካከለ በኋላ ነው ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ መናገር የሚቻለው። ጥቂት ዘርፎች አብዛኛውን ገንዘብ ይወስዳሉ፤ ይህ በሁሉም ዘንድ የታወቀ ስለሆነ ብዙ አልቆይበትም። ጀማሪ ተንታኝ የሚስተው ከገንዘቡ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ነው። ፒተር ክራልጂች የተባለ ባለሙያ በ1983 እ.ኤ.አ. ባቀረበው አመዳደብ እያንዳንዱ ዕቃ በሁለት መስፈርት ይመዘናል፤ አንደኛው ለትርፍ ያለው ክብደት፣ ሁለተኛው ቢጠፋ ለማግኘት ያለው ችግር ነው። ኩሽኔታው በገንዘብ ዝርዝር ከታች ነው፤ በሌለ ጊዜ ግን ወፍጮው ይቆማል፤ ፋብሪካው ባለበት ቡሬ ላይ ካልተገኘ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ የሚከፈለውም የኩሽኔታው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ቆሞ የዋለው ፋብሪካ ጭምር ነው። ወረቀት ከዚህ በብዙ እጥፍ ብር ቢወስድም በየሱቁ አለ።

ዋጋ ላይ ስንደርስ የጎጃምን በቆሎ የሚገዛ ፋብሪካ ጥሩ ምሳሌ ነው። እንበልና ከመከር በኋላ በታኅሣሥ 9,000 ኩንታል በ3,000 ብር፣ እህል በተወደደበት በሐምሌ ደግሞ 1,000 ኩንታል በ4,000 ብር ተገዛ። ሁለቱን ዋጋ ደምሮ ለሁለት ያካፈለ ሰው አማካዩን 3,500 ብር ይለዋል፤ የተከፈለው ገንዘብ በሙሉ ለተገዛው ኩንታል ሲካፈል ግን 3,100 ብር ነው። በ10,000 ኩንታል ላይ የ4,000,000 ብር ልዩነት ያለው ቁጥር በሪፖርት ውስጥ ገብቶ ሲያልፍ አይቻለሁ። ገና ያልተነካው ደግሞ ኩንታሉ ራሱ ነው። 18 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኪሎ በቆሎ 82 ኪሎ ደረቅ እህል ነው፤ 13 በመቶ እርጥበት ያለው 87 ኪሎ ነው። ስለዚህ እርጡን በ3,000 ብር የገዛ ሰው በደረቁ ሚዛን ሲሰላ የከፈለው 3,183 ብር ገደማ ነው፤ በ3,100 ብር ደረቁን ያቀረበው ነጋዴ በወረቀት ውድ፣ በመጋዘን ርካሽ ነበር። የእርጥበት መለኪያው ንባብ ከዋጋው ጋር በአንድ መስመር ካልተመዘገበ ይህን ማንም አያውቀውም፤ በብዙ ቦታ ደግሞ ንባቡ የሚጻፈው የሚዛን ቤቱ ደብተር ላይ ብቻ ነው።

ቫትም እንዲሁ ያሳስታል። አንዱ አቅራቢ 115,000 ብር፣ ሌላው ለቫት ያልተመዘገበው 105,000 ብር ቢያቀርቡ ሁለተኛው የረከሰ ይመስላል። የመጀመሪያው ዋጋ ግን 15 በመቶ ቫት በውስጡ አለበት፤ ኩባንያው የከፈለውን ቫት ማካካስ የሚችል ከሆነ እውነተኛ ወጪው 100,000 ብር ነው። ማካካስ የማይችል ከሆነ ደግሞ ፍርዱ ይገለበጣል። ስለዚህ ተንታኙ «የግዥ ወጪ» ሲል ቫትን ጨምሮ ይሁን ሳይጨምር በአንድ ገጽ ጽፎ ማስጸደቅ አለበት፤ ሁለት ክፍሎች ሁለት የተለያየ ድምር ይዘው ስብሰባ የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአምናውንና የዘንድሮውን ዋጋ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻውን ትርጉም አጥቷል። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ካደረገበት ከዚያ ቀን በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከዚያ በኋላ ዋጋ ያልጨመረ አቅራቢ የለም፤ ሁሉም የሚሰጠው ምክንያትም አንድ ነው። የተንታኙ ሥራ ከጭማሪው ውስጥ የዶላሩ ድርሻ ስንት እንደሆነ መለየት ነው። ለምሳሌ 57,000 ብር ይሸጥ የነበረ ሞተር ከዋጋው 70 በመቶው የውጭ ወጪ ነው እንበል፤ በቀድሞው ምንዛሬ 39,900 ብር፣ ማለትም 700 ዶላር ነው። ቀሪው 17,100 ብር የአገር ውስጥ ማጓጓዣ፣ ኪራይና ትርፍ ነው። ዶላሩ 120 ብር ሲገባ 700 ዶላሩ 84,000 ብር ይሆናል፤ የአገር ውስጡ ሲጨመርበት 101,100 ብር። አቅራቢው 135,000 ብር ከጠየቀ ምንዛሬው የማያስረዳው 33,900 ብር አለ ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ሌብነት ነው ማለት አይደለም፤ ነዳጅም ኪራይም ጨምሯል፤ ነጋዴው በሚቀጥለው ጊዜ ዶላሩን በስንት እንደሚያገኘው ስለማያውቅ ለራሱ መከለያ ያስቀምጣል። ነገር ግን የግዥ ሠራተኛው ለድርድር ሲቀመጥ «ቀንሱልን» ከማለት ይልቅ «33,900ውን ያስረዱኝ» ማለት ይችላል፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። አስቸጋሪው 70 በመቶ የሚለውን ድርሻ ማወቅ ነው፤ ከጉምሩክ ሰነድ፣ ከሌሎች አቅራቢዎች ዋጋ፣ አንዳንዴም ከራሱ ከነጋዴው አንደበት እየተለቀመ የሚገኝ እንጂ በሥርዓቱ ውስጥ የተመዘገበ አይደለም።

ይኸው ሞተር የሙያውን ትልቁን ጭቅጭቅ ያስነሣል። ከ135,000 ተደራድሮ በ115,000 ብር የገዛው ሠራተኛ 20,000 ብር አተረፍሁ ይላል። የፋይናንስ ኃላፊዋ የአምናውን ዋጋ አይታ 58,000 ብር ተጨማሪ ወጣ ትላለች። ሁለቱም አልዋሹም። ሠራተኛው የሚናገረው ሊወጣ ሲል የተከለከለን ወጪ ነው፤ እርሷ የምትፈልገው ከሒሳብ መዝገብ ላይ የሚቀንስ ቁጠባን ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ ዓምድ ከተደመሩ ኩባንያው በወረቀት እየቆጠበ በባንክ ሒሳቡ እየተራቆተ ይሄዳል። በማዕረግ ስሙ ላይ ያለችው «ከፍተኛ» የምትለው ቃል ዋጋዋ እዚህ ላይ ይታያል። ጀማሪው ተንታኝ የተጠየቀውን ቁጥር ያወጣል፤ ከፍተኛው ደግሞ ቁጥሩ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ይወስናል፣ በስሙም ይፈርምበታል። በእድሜ የሚበልጡትን፣ ምናልባትም ወደ ሥራው ያስገቡትን ኃላፊ፣ «ጋሼ፣ ይህን ቁጠባ ብዬ ላቀርበው አልችልም፤ ለብቻው ዓምድ አበጅቼ ላስቀምጥልዎት» የሚልበት ቀን ይመጣል። እንዲህ ያለውን ነገር በስብሰባ መካከል በሰው ፊት ከመናገር ከስብሰባው በፊት ቡና ላይ መናገር፣ በእኛ አገር ከሒሳቡ ባልተናነሰ ሊታወቅ የሚገባው የሙያው ክፍል ነው።

ስለ ማጭበርበር ብዙ ሰው ይጠይቃል። መመሪያው ከ50,000 ብር በላይ ሦስት ፕሮፎርማ ይጠይቅ እንበል፤ ግዥዎቹ በመጠን ሲደረደሩ ከ48,000 እስከ 49,900 ባለው ላይ ከተከመሩ አንድ ግዥ ተከፋፍሎ እየተገዛ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ ፕሮፎርማዎች አንድ ስልክ ቁጥር፣ ወይም አንድ ዓይነት የፊደል ስሕተት ካላቸው እንዲሁ። ፍራንክ ቤንፎርድ በ1938 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የመጀመሪያ አኃዝ ሕግ፣ በተፈጥሮ በተሰበሰቡ ብዙ ቁጥሮች ውስጥ በ1 የሚጀምሩት 30.1 በመቶ፣ በ9 የሚጀምሩት 4.6 በመቶ ያህል ናቸው የሚለው፣ ብዙ ይወራለታል፤ ነገር ግን ቋሚ ዋጋ ያላቸው ዕቃዎች በሚበዙበት መዝገብ ላይ ያለ ምንም ጥፋት ይዛባልና ብቻውን ሰው መወንጀያ አይሆንም። ከሁሉ በላይ ቦታውን ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ አቅራቢ በተከታታይ 20 ጊዜ ማሸነፉ አዲስ አበባ ላይ ጥያቄ ያስነሣል፤ የሚፈለገውን ዓይነት ቺንጋ (የማሽን ቀበቶ) የሚሸጥ ሱቅ አንድ ብቻ ባለበት የወረዳ ከተማ ግን ምንም አይደለም። ተንታኙ የሚያቀርበው ጥያቄ ነው፤ ፍርዱ የኦዲት ነው።

የማድረሻ ጊዜን በአማካይ መናገርም ያሳስታል። ከአዲስ አበባ ቡሬ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ የጫነ መኪና ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን ለመውጣት ዓባይ በረሃን እየዳኸ ማለፍ አለበት፤ መንገድ ሲቋረጥ ደግሞ እዚያው ይቆያል። ከ10 ትዕዛዞች ስምንቱ በ5 ቀን፣ ሁለቱ በ25 ቀን ቢደርሱ አማካዩ 9 ቀን ነው፤ በ9 ቀን የደረሰ ዕቃ ግን አንድም የለም። የመጋዘን መጠባበቂያ በ9 ቀን ልክ የሚሰላ ከሆነ ከ10 ጊዜ ሁለቴ ፋብሪካው ይቆማል። እዚህ ጋ ጠቃሚው ቁጥር 25 ነው፤ ለየትኞቹ ዕቃዎች 25 ቀን መጠባበቂያ እንደሚያዝ ለመምረጥ ደግሞ ወደ ክራልጂች አመዳደብ እንመለሳለን፤ ለኩሽኔታው አዎ፣ ለወረቀቱ አይደለም።

መሣሪያዎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ብዙ ድርጅቶች ሒሳባቸውን አሁንም በፒችትሪ ይይዛሉ፤ ተለቅ ያሉት ኤስኤፒ ወይም ኦዱን የመሰለ ኢአርፒ፣ ማለትም የድርጅቱን ሥራ ሁሉ በአንድ የሚይዝ ሶፍትዌር፣ አላቸው፤ የመጋዘኑ መዝገብ ግን በኤክሴል፣ ካልሆነም በደብተር ነው። ከዳታቤዝ ለማውጣት ኤስኪውኤል፣ ለማጽዳት ፓወር ኩዌሪ ወይም ፓይተን፣ ለማሳየት ፓወር ቢአይ ይበቃል። ኢንተርኔት በሚቋረጥበት አካባቢ የሚሠራ ሰው ሥራው ሁሉ ከበይነ መረብ ውጭ እንዲሄድ አድርጎ ማዘጋጀት አለበት፤ ከቅርንጫፍ በፍላሽ የመጣ ፋይል ደግሞ ከአምናው ቅጂ ጋር እንዳይደባለቅ ስሙ ላይ ቀኑ ይጻፍበታል፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ጭምር።

አመልካቾችን ስንፈትን የምንሰጣቸው የሁለት ዓመት የግዥ መዝገብ ያለበት አንድ ፋይል ነው፤ ስሞቹ ተቀይረዋል፣ ስሕተቶቹ ግን እንዳሉ ናቸው። ጥያቄውም «ለምን ያህል ዕቃ ለማን ስንት ከፈልን?» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ጊዜው ሁለት ሰዓት ነው። አንዳንዱ በ20 ደቂቃ ውብ ሠንጠረዥ ሠርቶ ያስረክባል። አንዲት ከደብረ ማርቆስ የመጣች ልጅ ግን ሙሉውን ሰዓት ጨርሳ ያስረከበችው ያላለቀ ሠንጠረዥና አንድ ወረቀት ጥያቄ ነበር። የመጀመሪያው፦ «አምስተኛው ዓምድ ላይ ያሉት ቀኖች በየትኛው አቆጣጠር ናቸው?» ይላል። ሦስተኛው፦ «በመስመር 212 ላይ ያለው ማዳበሪያ ባዶ ነው ወይስ ሙሉ?»